በፀሐዩ ፀ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ኮቴን ሳላወልቅ፣ የጠረጴዛዬ ስልክ ጮኸ። የደወለችው ከኮሪደሩ ማዶ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የሕሙማንን ድምፅ የምትቀዳው ባልደረባዬ ነበረች።

«ጋሼ መዝገብ፣ ፎልደሩ አላስገባም አለኝ።»

«ምን ይላል?»

«ፈቃድ የለሽም ይላል። ትላንትና ሲያስገባኝ ውሎ ዛሬ ምን አድርጌው ነው? ተጣልተናል እንዴ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ፈገግ እል ነበር። የዚያን ጠዋት ግን ከአፌ የወጣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«የመምህርት ቅጂ ወጥቷል?»

«እሱን ላወጣ ስል አይደል እንዴ! ሐሙስ ነው የሚመጡት።»

የምንሠራው በጉሮሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ወደዚህ ከሚመጡት ሕሙማን አንዳንዶቹ ሕይወታቸው እንዲተርፍ የድምፃቸውን ሳጥን በቢላ አስወጥተው ይሄዳሉ። ሰው ከዚያ ቀዶ ጥገና በፊት በቀጂዋ ክፍል ተቀምጦ፣ በቀሪ ዘመኑ የሚያስፈልጉትን ዐረፍተ ነገሮች በገዛ ድምፁ ይናገራል። ቁስሉ ሲሽር ንግግሩ መዳፍ በምታህል መሣሪያ ላይ ይጫንለታል። ቁልፉን ሲነካው መሣሪያዋ በእርሱ ድምፅ ትናገራለች። ቀላል ነገር ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊያደርገው አይችልም።

መምህርት ብለን የምንጠራት ሴት ሠላሳ አራት ዓመት ቋንቋ ስታስተምር የኖረች ናት። ዐሥራ አንድ ቀን ተመላልሳ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ቀዳች። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ቀዶ ጥገናው ተደረገላት። የምትኖረው ከታላቅ እኅቷ ጋር ነው፤ ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም፤ ታላቅ እኅቷም ዓይነ ስውር ናቸው። መናገር ያቃተው ሰው ጽፎ ያሳያል፤ ለማያይ ሰው ግን የተጻፈ ወረቀትና ባዶ ወረቀት አንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን መምህርት ይህን ስትነግረን እንደ ቀልድ አድርጋው ነበር፤ «ዝም ብዬ ቤት ከገባሁማ እታለሜ ሌባ ነው ብላ ነው የምትጮኸው» አለችን። ከቀዳቻቸው ዐረፍተ ነገሮች የሚበዙት ለእኅቷ የተነገሩ ነበሩ። «እታለም፣ መጣሁ።» «ምድጃው በርቷል፣ እንዳትጠጊው።» «መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይስ አስመሰልሽ?» «አትነሺ፣ እኔ እከፍታለሁ።»

እነዚህ ሁሉ የተቀመጡት ሠራተኛው በቀልድ «ጎተራው» በሚለው በአንድ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነበር። ጎተራው ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ በነበረች ቁም ሳጥን በምታህል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ በኔትዎርክ ገመድ ለሁሉም ኮምፒውተር ፋይሉን ያካፍላል። በሌላው ሕንፃ ደግሞ «ትንሹ ጎተራ» አለ። ከጎተራው በየሌሊቱ የተመረጡ ፎልደሮች ወደ ትንሹ ይገለበጣሉ። ባክአፕ የሚሉት እርሱን ነው። የሁለቱም ጠባቂ እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስለ ሠራሁ ስሜን ረስተው ጋሼ መዝገብ ይሉኛል፤ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲገባም አብሬው ገባሁ። በዚያች ማክሰኞ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ችግሩን በቅደም ተከተል መረመርኩት። ገመዱን አየሁ፤ ተሰክቷል። የቀጂዋን ስም ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ፈለግሁ፤ የማንበብም የመጻፍም ፈቃድ አላት። ፓስወርዷን አጥፍቼ እንደ ገና እንድታስገባ አደረግሁ።

«አሁንስ?»

«አሁንም ፈቃድ የለሽም ነው የሚለኝ። ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሰው ቢሆን ሽማግሌ እልክበት ነበር።»

የራጅ ፎቶዎቹን ፎልደር እንድትሞክር ነገርኳት። ተከፈተ፤ ከዚያም ባለበት ደርቆ ቀረ። በዚህ ጊዜ ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ እንዳልሆነ ገባኝ። ወደ ጎተራው ክፍል ሄጄ በሩን ስከፍት፣ አረንጓዴ መሆን ከነበረባቸው ሁለት መብራቶች አንዱ ጠፍቷል፤ ሌላው ቀይ ሆኗል። ከሳጥኑ ውስጥ ጥፍር ጠረጴዛ ላይ ሲንኳኳ የሚመስል ድምፅ ይወጣል። ሰኞ አመሻሽ ላይ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ እንደ መጣ ትዝ አለኝ።

ቴክኒሻኑን ጠራሁት። የሦስት ሕንፃ ኔትዎርክ ብቻውን የሚይዝ፣ ቀጭንና ረጅም ሰው ነው፤ ሁሉም ሽቦ ይሉታል፤ እርሱም ሽቦ ሲባል አቤት ይላል። ሁለቱን ዲስኮች አውጥቶ ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጣቸው።

«ጋሼ፣ አንዱ ሞቷል። ሌላው እያጣጣረ ነው።»

«ይድናል?»

«እሱን ሐኪሞቹን ይጠይቋቸው። እኔ የምገንዝ ሰው ነኝ።» የፊቴን መልክ ሲያይ ግን ቀልዱን ተወ። «ምን ሆነዋል? ባክአፕ አለ አይደል እንዴ?»

«አለ» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ ነበር ያልኩት። ከመሳቢያዬ ደብተሬን አወጣሁ። በየማለዳው ከማንም በፊት ገብቼ የትንሹን ጎተራ መልእክት እከፍታለሁ፤ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚለውን አረንጓዴ ጽሑፍ አነባለሁ፤ በቀኑ ትይዩም በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። አንድም የሥራ ቀን አላመለጠኝም። ሽቦ ገጾቹን ገለጠና አፏጨ።

«እንደ እርስዎ ያለ ሰው ሦስት ቢኖረኝ እኔ ቤቴ እተኛ ነበር።»

ሦስታችንም፣ ቀጂዋም ተጨምራ፣ በእኔ ኮምፒውተር ዙሪያ ተሰበሰብን። ሽቦ ትንሹን ጎተራ ከፈተ። ፎልደሩ አለ። ስሙ ላይ ሁለት ጊዜ ተጫነ። ዘጠኝ ፋይሎች ወጡ። ስማቸው «የተበላሸ 1» ብሎ ጀምሮ «የተበላሸ 9» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

«ዘጠኝ?» አለ ሽቦ። «ከሦስት ሺህ በላይ አልነበረም እንዴ?»

ወደ ታች ሊጎትተው ሞከረ፤ የሚጎተት ነገር የለም። በሌሎቹ ፎልደሮች ሁሉ ገባ፤ ደብዳቤውም ራጁም በቦታው አለ። የሌለው ድምፁ ብቻ ነው። የሌሎቹ ሕሙማን ቅጂ አስቀድሞ በየመሣሪያቸው ተጭኗል፤ ያልተጫነው የመምህርት ብቻ ነበር። ከዚያ የፎልደሩን ታሪክ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተና ወደ ቀጂዋ ዞረ።

«ይሄን ፎልደር የፈጠረው ሰው ስም ያንቺ ነው።»

«የማን? የኔ?»

«ይኸው፣ አንብቢው። ቀኑም አለ። ምን ነካክተሽ ነው? ዋናውን አጥፍተሽ ነው ይሄን የከፈትሽው?»

«እኔ አንድም ፋይል አላጠፋሁም! እጄን ይቁረጠው!»

«ኮምፒውተርሽ ላይስ የለም?»

«በየሳምንቱ ይጠረጋል እኮ! ሕጉ ግድግዳው ላይ ነው ያለው።»

ሕጉ እውነትም ግድግዳው ላይ ነበር፤ በእኔ የእጅ ጽሑፍ፤ «አንድ ፋይል በአንድ ቦታ ብቻ ይቀመጣል» ይላል። ፋይል በየቦታው ሲበተን አልወድም።

«ስለዚህ ጎተራው ላይ ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ አንቺ አበላሸሽው» አለ ሽቦ። «እሺ፣ ሐሙስ ለሚመጡት ሴትዮ ምን ልትያቸው ነው? ይቅርታ፣ እጄ ሳተ?»

ቀጂዋ ከንፈሯን ነከሰች። ዓይኗ ሲሞላ አየሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስታይ ቆየችና በመጨረሻ እኔን አየችኝ፤ አንድ ቃል እንድናገርላት ነበር።

እኔ ግን የማየው የፎልደሩን ስም ነበር። ስሙ «ድምጽ» ይላል። በጸሎቱ ጸ ነው የተጻፈው።

ሽቦ አላየውም፤ ሊያየውም አይችልም ነበር። በእርሱ ዓይን ያም ይህም አንድ ቃል ነው፤ ሲነበብ አንድ ነው፤ ሲሰማም አንድ ነው። እኔ ግን አየሁት። የሆነውንም ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጊዜ ተረዳሁት፤ አፌንም ለመናገር ከፈትኩ።

«ነገ በደንብ እናየዋለን» አልኩ።

ከአፌ የወጣው ይህ ነው። ቀጂዋ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት ከመዝገብ ነው፤ ሰዎች ጽፈው ከጣሉት ደብዳቤ፣ ከአንድ ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት፣ ለብቻዬ። ስለዚህ አንድ ፊደል ሲያመልጠኝ ሌላው ሰው እንደሚያፍረው ዓይነት አይደለም የማፍረው፤ ልብሴን ገልብጬ ለብሼ አደባባይ የወጣሁ ያህል ነው የሚሰማኝ።

መምህርት በመጀመሪያው ቀን ስትመጣ በቀጂዋ በር ላይ እኔ ጽፌ የለጠፍኩት ወረቀት ነበር፤ «የድምጽ መቅጃ ክፍል» የሚል። ቆማ አነበበችው።

«ይሄን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«በጸሎቱ ጸ? አይ ጋሼ መዝገብ! ድምፅ እኮ በፀሐዩ ፀ ነው። ተማሪዬ ቢሆኑ ይሄኔ ጆሮዎን ይዤ ነበር።»

ቀጂዋ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ፤ መምህርት ልክ ናት። ሳልተኛ ብዙ ቆየሁ። በማግስቱ ማለዳ የሌሊቱን ባክአፕ አይቼ ምልክቴን ካደረግሁ በኋላ፣ ስሕተቴን ካለበት ሁሉ መንቀል ጀመርኩ። ቅጾቹን አረምኩ። ለበሩ አዲስ ወረቀት ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ጎተራውን ከፍቼ የፎልደሩን ስም ከ«ድምጽ» ወደ «ድምፅ» ለወጥኩት። አንዲት ፊደል ናት። ማሽኑ አላጉረመረመም።

የሌሊቱን ሥራ የሚያዘው ዝርዝር ላይ ግን የቀድሞው ስም እንዳለ ነበር፤ ይህን አላሰብኩትም። ቀጂዋ ያን ጠዋት ስትገባ የለመደችውን ስም አጣች፤ ተሰርዞ መስሏት በለመደችው አጻጻፍ አዲስ ፎልደር ከፈተችና እዚያ ላይ መቅዳት ጀመረች። ቀትር ላይ ስሙን እንዳረምኩት ስነግራት፣ ደህና ደህናዎቹን ወደ ታረመው ፎልደር አዛወረች፤ ሳልና የመኪና ጥሩንባ የገባባቸውን ዘጠኙን እዚያው ተወቻቸው። ከዚያ ወዲያ የሁላችንም ሥራ በፀሐዩ ፀ ሆነ። ባክአፑ ግን በየሌሊቱ በጸሎቱ ጸ የተጻፈውን ፎልደር እየፈለገ፣ እያገኘ፣ ዘጠኙን የተበላሹ ፋይሎች በታማኝነት እየጠበቀ ኖረ። ሠላሳ ቀን ሲሞላውም በታዘዘው መሠረት የድሮውን ቅጂ ጠረገ። በየማለዳውም ሥራዬን ፈጽሜያለሁ አለኝ። አልዋሸኝም። እኔ ነኝ ምን እንደ ጠበቀ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ ያላየሁት። ሰባ ሁለት ጊዜ በቀይ ምልክት አድርጌያለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁና ሁለቱን ጠራኋቸው። ሽቦ ስልኩን እየነካካ መጣ። ቀጂዋ በሩ ላይ ቆመች፤ አልተቀመጠችም። በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ሁለቱን ቃላት በትልልቁ ጻፍኩና አሳየኋቸው።

«ምን ልዩነት አላቸው?» አልኩ።

«የመጨረሻዋ ፊደል» አለች ቀጂዋ ወዲያው።

«ለእኛ ያው ነው። ለማሽኑ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ስሙን የለወጥኩት እኔ ነኝ።» የቀረውንም ነገርኳቸው።

ሽቦ ራሱን ያዘ። «በሞትኩት! በአንዲት ፊደል?» ከዚያ ወደ ቀጂዋ ዞሮ፣ «እኅቴ፣ ትላንትና የተናገርኩሽን ሁሉ እኔ ልብላው» አላት።

እርሷ እርሱን አላየችውም።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለችኝ።

«ትላንትና።»

«ትላንትና መቼ?»

«ፎልደሩ ሲከፈት።»

«እሱ እንደዚያ ሲያዋርደኝ ያውቁ ነበር ማለት ነው።»

«አውቅ ነበር።»

«አጠገቤ ቆመው።»

«አጠገብሽ ቆሜ።»

«እሺ» አለችና ሄደች። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ ጋሼ ሳትለኝ አነጋግራኝ አታውቅም ነበር።

ለኃላፊው የሚቀርበውን ቅጽ ሞላሁ። «የጉዳቱ መንሥኤ» በሚለው መስመር ላይ መጀመሪያ «የመብራት መቆራረጥ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሐሰት አልነበረም። ካየሁት በኋላ ሰረዝኩትና «የፎልደሩን ስም ሳላማክር መለወጤና ቅጂውን ከፍቼ አለማየቴ» ብዬ ስሜን በሙሉ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ ሽቦ ዲስኮቹን ወደሚያውቃቸው ጠጋኞች ወስዶ ተመለሰ። ከበሩ ሳይገባ እጁን አወዛወዘ። የሚያጣጥረው ዲስክ ውስጡ ተፋፍቋል፤ የሞተውም እንደ ሞተ ነው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ መምህርት ከወንድሟ ልጅ ጋር መጣች። አንገቷ ላይ ስስ ሻሽ ጠምጥማለች። የወንድሟ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ይሆናታል፤ የምትለውን ለማለት የማታመነታ ሴት ናት። መሣሪያዋን በአዲስ የጨርቅ ከረጢት ይዛ መጥታለች፤ በአንገት ላይ እንድትንጠለጠል ራሷ የሰፋቻት ናት።

እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። እኔ ቆሜ ነገርኳቸው፤ አላሳጠርኩትም፤ ፊደሏንም አልደበቅሁም። ስጨርስ የወንድሟ ልጅ ከወንበሯ ተነሣች።

«ቆይ፣ ቆይ። አክስቴ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ እዚህ ተቀምጣ፣ ጉሮሮዋ እየደማ የቀዳችው፣ ጠፋ ነው የሚሉኝ?»

«ጠፋ።»

«ለፊደል ውበት ብለው?»

«አዎን።»

«ቤት ያለችው አክስቴ ሁለት ወር ሙሉ በጭብጨባ ነው የምትኖረው፣ ያውቃሉ? ይቺ ስታጨበጭብ ያቺ በግምት ስትመልስ! ትላንትና ማታ ለብሳ ነው የተኛችው፤ ነገ ድምፅሽን ይዘሽልኝ ትመጫለሽ እያለች። ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

መምህርት የወንድሟን ልጅ እጇን ይዛ አስቀመጠቻትና ከቦርሳዋ ደብተርና እርሳስ አወጣች። የአስተማሪ እጅ ጽሑፏ አልተለወጠም።

«ሁሉም?» ብላ ጻፈች።

«ሁሉም። ዘጠኝ የተበላሹ ፋይሎች ብቻ ቀርተዋል።»

«ልስማቸው።»

ወደ መቅጃው ክፍል ገባን። ቀጂዋ ፋይሎቹን አዘጋጅታ ትጠብቅ ነበር። ለመምህርት ወንበር ሳበችላት፤ እኔን አላየችኝም። የመጀመሪያው ፋይል ሳል ነው። ሁለተኛው፣ «እታለም፣ ዛሬ ዝናብ...» ይላል፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የመኪና ጥሩንባ ተደርቦበታል። በሦስተኛው መምህርት ጉሮሮዋን ለማሟሟቅ ፊደል ትቆጥራለች፤ ቀጂዋ መሐል ላይ «ገና አልተጀመረም እኮ» ትላለች። መምህርት ድምፅዋን ከሁለት ወር በኋላ መስማቷ ነው። ጣቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጧል፤ ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም። የወንድሟ ልጅ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰባተኛው ሲከፈት መጀመሪያ ዝምታ ነበር። ቀጂዋ ያን ጊዜ ውሃ ልታመጣ ወጥታለች፤ መቅጃው ግን አልተዘጋም። ከዚያ በር ተንኳኳ። ከሩቅ የእኔ ድምፅ ተሰማ።

«ማነው ውስጥ ያለው?»

«እኔ ነኝ!» አለች የመምህርት ድምፅ፣ ጥርት ብላ፣ ሳቅ ያዘለች። «ሌላ ማን ይሆናል? ይግቡ እንጂ!»

በሩ ሲከፈትና ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

«ይኸው መምህርት፣ አዲሱን ጽሑፍ ልለጥፍ ነው። አሁንስ ልክ ነው?»

«በስመ አብ! እውነት አድርገውት ነው? ኧረ ጋሼ፣ እየቀለድኩብዎ ነበር እኮ! ሰው በሁለቱም ይጽፈዋል፤ የሚያነበው ያው ድምፅ ብሎ ነው። ይተዉት እንደ ነበረ።»

«አይሆንም» ይላል የእኔ ድምፅ፤ እንዲያ የኮራ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። «ስሕተት በእኔ ክፍል አያድርም።»

ፋይሉ አለቀ። በክፍሉ ውስጥ የነበርን አራታችንም ሰምተነዋል። ይህን ቃሌን ፈጽሞ ረስቼው ነበር። ይተዉት እንደ ነበረ ስትለኝ ገና ጠዋት ነበር፤ ተመልሼ ፊደሏን ብቀይራት ኖሮ ምንም አይጠፋም ነበር።

መምህርት እርሳሷን አነሣች። ይቅር ብያለሁ እንዳትለኝ ፈራሁ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የጻፈችው ግን ለእኔ አልነበረም። ደብተሩን ወደ ቀጂዋ ገፋችው፤ «ሰባተኛውን ከመጀመሪያው» ይላል።

ቀጂዋ ደገመችው። «እኔ ነኝ!» ሲል መምህርት እጇን አነሣች። ቀጂዋ አቆመች። አሁንም ደገመችው፤ አሁንም እጇን አነሣች። በአራተኛው ጊዜ ቀጂዋ ገባት። «ይቺን ብቻ ቆርጬ ላውጣት?» አለቻት። መምህርት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ከበሩ ማንኳኳት በኋላ፣ ከ«ሌላ ማን ይሆናል» በፊት፣ ሁለት ቃላት አሉ። ቀጂዋ እነርሱን ለመለየት ከሩብ ሰዓት በላይ ወሰደባት፤ የክፍሉ ማስተጋባት ከጫፏ ላይ አልለቅ ብሏት ነበር። የወንድሟ ልጅ ጠበቀች ጠበቀችና፣ «ከቀሩትስ ቆራርጣችሁ አንድ አንድ ነገር አትሠሩላትም?» አለች። ቀጂዋ፣ «እኅቴ፣ ከቀሩት ስምንቱ የሚረባ ቃል አይወጣም። ሳል ነው፤ ፊደል ነው» አለቻት፤ በሐዘኔታ።

መምህርት ይህን ስትሰማ ጻፈች፤ «ስገባ ሌባ ካላለችኝ ይበቃል።» ለወንድሟ ልጅ አሳየቻት። ከዚያ ደብተሩን ወደ ራሷ መልሳ የጻፈችውን ለብዙ ጊዜ አየችው፤ ላጲሷንም አንሥታ «ይበቃል» የሚለውን ብቻ አጠፋችው። በምትኩ ምንም አልጻፈችም።

መሣሪያዋ ላይ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንዲይዝ የተዘጋጀ ዝርዝር ነበር። ቀጂዋ በመጀመሪያው መስመር ላይ ሁለቱን ቃላት ጫነች። የቀረው ባዶ ነው። በከረጢቷ ከትታ በመምህርት አንገት ላይ አጠለቀችላት።

መምህርት ተነሣች። የወንድሟ ልጅ ልትከተላት ስትል በእጇ ከለከለቻት። ብቻዋን ወደ ኮሪደሩ ወጣችና በሩን ከውጭ ዘጋችው። ምን እንዳሰበች ማናችንም አላወቅንም። ጥቂት ቆይታ አንኳኳች።

ሠላሳ አንድ ዓመት በር ሲንኳኳ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሳላስበው ወጣ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ!» አለ ከበሩ ወዲያ፤ ጥርት ብሎ፣ ሳቅ አዝሎ።

«ይግቡ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በሩን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ከውጭ እንደ ገና፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ሳቅ፣ «እኔ ነኝ!» አለ። መቼም ከዚህ ሌላ የሚለው የለውም።

ቀጂዋ ከወንበሯ ሳትነሣ አየችኝ። ከረቡዕ ጠዋት ወዲህ ፊቴን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይክፈቱላቸው እንጂ» አለችኝ።

ጋሼ አላለችኝም። ሄጄ ከፈትኩ።